የፅንስ ደህንነት በእርግዝናና በምጥ ወቅት እንዴት ይታወቃል?

ጫንጮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታን አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ በምጥ ላይ ሆና ወደ አዲስ አበባ የምትላክ እናት ሱሉልታን አቋርጣ፣ እንጦጦን ወርዳ ነው አዲሱ ገበያ የምትደርሰው። ስለዚህ የፅንሱ መዳከም በሰዓቱ መታወቁ ለጫንጮ እናት ከከተማዋ እናት ይልቅ ያስፈልጋታል።

በጤና ጣቢያ ዋናው መሣሪያ ፒናርድ ነው። በፈረንሳዊ ሐኪም ስም የሚጠራ፣ ጥሩንባ የሚመስል አጭር ቱቦ ነው፤ መብራትም ባትሪም አይፈልግም። አዋላጇ ሆዱን በእጇ ዳብሳ የልጁን ጀርባ ታገኛለች፤ ሰፊውን አፍ እዚያ ላይ አሳርፋ በሌላው በኩል ጆሮዋን ታስጠጋለች። በዚያው ጊዜ የእናትየዋን የደም ምት ከእጅ አንጓዋ ትይዛለች፤ አለዚያ የእናትን ትርታ የልጅ አድርጎ መቁጠር ይመጣል። ጤናማ የፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል። ዶፕለር የሚባለው አነስተኛ መሣሪያ ይህንኑ ትርታ በድምፅ ማጉያ ያሰማል፤ ባልም አብሮ ይሰማል።

ምጥ ሲፋፋም ትርታው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ በማማጥ ጊዜ ደግሞ በየ5 ደቂቃው ይደመጣል፤ አንዱ ማዳመጥ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። ምጡ ሲለቅ ትርታው ቀንሶ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ የሚያሰጋ ምልክት ነው። በሆድ ላይ በቀበቶ የሚታሰረው ሲቲጂ ያለማቋረጥ ይመዘግባል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ስጋት ለሌላት ጤናማ እናት ይህን አላዘዘም፤ ቀዶ ሕክምናን ያበዛልና። ማሽኑ የለም ተብሎ ጤና ጣቢያን መሸሽ ትክክል አይደለም።

«ወንድ ያየኛል» ብለው የሚቀሩ እህቶች አሉ። ሴት አዋላጅ መጠየቅ መብት ነው፤ እኛም እንድትጠይቁ እንመክራለን። ሴት ካልተገኘች ግን ዑለማዎች በችግር ጊዜ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይፈቅዳሉ። ለማዳመጥ የሚገለጠው ሆድ ብቻ ነው፤ ሌላው በነጠላ ይሸፈናል።

ከሁሉም የሚቀድመው መሣሪያ እናትየዋ ራሷ ናት። እንቅስቃሴው ከ18 እስከ 20 ሳምንት አካባቢ ይሰማታል፤ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የልጇን ልማድ ታውቀዋለች። «መውለጃው ስለቀረበ ጸጥ አለ» የሚባለው ስህተት ነው። ከተጠራጠረች በግራ ጎኗ ተኝታ ትከታተል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ትሂድ። ጭራሽ ካልተሰማት ደግሞ ሰዓት መቁጠርም አያስፈልግም።

ረመዳን ላይ ይህ ከደረሰ መግሪብን መጠበቅ የለም። ለራሷ ወይም ለፅንሷ የፈራች ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። መዝሀቦች የሚለያዩት ከቀዷ ጋር ፊድያ ይጨመር አይጨመር በሚለው ላይ ነው፤ እሱን ከወሊድ በኋላ ኢማሟን ትጠይቃለች።

ባሎች ደግሞ የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር ከዘጠነኛው ወር በፊት መዝግበው ይያዙ።