ስለ አሕመዲ መንደርና ስለ አሮጌ ሕንፃዎቿ ታሪክ

ሕንፃ ሁሉ ሁለት ሠሪዎች አሉት። አንደኛው ሥራውን የሚያዝዘውና ወጪውን የሚችለው ነው፤ ሁለተኛው ድንጋዩን የሚሸከመው፥ ጭቃውን የሚያቦካው፥ ማገሩን የሚያስረው ነው። የፊተኛው ስም በደጁ ላይ ይቀረጻል፤ የኋለኛው ስም ግን ከላቡ ጋራ ደርቆ ይቀራል። የቀደሙት አባቶቻችን ርስት ሲሰጥ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ንዋይ ሲገባ፥ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የሰጪውን ስም ብቻ ሳይሆን በቦታው የነበሩትን ምስክሮች ስም ጭምር ይጽፉ ነበር። ምስክር የሌለው ነገር ቈይቶ እንደሚካድ ያውቁ ነበርና። እኛም በዚህች አጭር ጽሑፍ በኩዌት አገር ስለምትገኝ ስለ አንዲት የነዳጅ ዘይት መንደር፥ ስለ አሕመዲ፥ ስንናገር የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ማን አሠራት ብለን ብቻ አንጠይቅም፤ ማን ሠራት፥ ማንስ ኖረባት ብለን እንጠይቃለን።

አንባቢ «የሩቅ አገር ቤት ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ አገር ተሻግረው በሰው ቤት ይሠራሉ፤ ቤቱን የሚያቀኑት እነርሱ ሲሆኑ በቤቱ ታሪክ ውስጥ ስማቸው አይነሣም። ስለዚህ ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

፩ ከዘይት በፊት የነበረው ቤት

ኩዌት ማለት በዐረብኛ ትንሽ ምሽግ ማለት ነው። ነዳጅ ዘይት ከመገኘቱ በፊት ሕዝቡ በመርከብ ንግድና ከባሕር ውስጥ ዕንቍ በማውጣት ይኖር ነበር። ቤቱም እንደ ኑሮው ነበረ፤ ግድግዳው ከጭቃ ጡብና ከባሕር ዳር ከሚወጣ ድንጋይ ይሠራል፥ በመካከሉ አደባባይ ይተውለታል፥ መስኮቱም ወደዚያው ወደ ውስጥ ያያል። በምድረ በዳ ትልቅ ዛፍ ስለማይገኝ ለጣራው የሚሆነው አግዳሚ እንጨት በመርከብ ተጭኖ ከአፍሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ይመጣ ነበር፤ እነርሱም «ቻንደል» ይሉታል። እንግዲህ የኩዌት ሰው በጥንቱ ቤቱ ተጋድሞ ወደ ላይ ሲመለከት የሚያየው የአፍሪካን እንጨት ነበረ። የሚጠጣው ውሃ እንኳ ሳይቀር በመርከብ ከሻት አል ዐረብ ወንዝ ይቀዳለት ነበር።

በ1920 ዓ.ም. ከተማይቱ የጠላት ሥጋት በበረታባት ጊዜ፥ ሕዝቡ ተባብሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ዙሪያዋን በጭቃ ቅጥር ከለላት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በጃህራ ውጊያ ሆነ፤ በዚያ የሚገኘው ቀይ ግንብ የተባለው የጭቃ ምሽግ የዚያ ውጊያ ምስክር ሆኖ እስካሁን ቆሟል። ቁስለኞቹም የተወሰዱት የአሜሪካ ሚሲዮናውያን በ1914 ዓ.ም. ወዳሠሩት ሐኪም ቤት ነበር። ይህ ሐኪም ቤት በዚያ አገር በብረትና በሲሚንቶ ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ በ1920ዎቹ መጨረሻ ጃፓኖች በሰው ጥበብ የሚያረቡት ዕንቍ ገበያውን ሞላው፤ ወዲያውም የዓለም ንግድ ወደቀ። የባሕር ጠላቂዎቹ ኑሮ ፈረሰ። ወደ ዘይቱ ሥራ የሄደው ብዙው የአገሩ ሰው እንግዲህ ተርፎት የሄደ ሳይሆን ባሕሩ የነሣውን እንጀራ ከምድር ሊፈልግ የሄደ ነበረ።

፪ ስለ ዘይቱ መገኘትና ስለ ስሙ

በታኅሣሥ ወር 1934 ዓ.ም. የኩዌት ገዢ ሼኽ አሕመድ አል ጃብር አል ሳባሕ ከኩዌት ኦይል ኩባንያ ጋራ ለ75 ዓመት የሚሆን ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች እኩል ማኅበር ነበር። በ1936 ዓ.ም. በሰሜን በኩል በባሕራ የተቈፈረው የመጀመሪያው ጕድጓድ ፍሬ አልሰጠም፤ በየካቲት ወር 1938 ዓ.ም. ግን በደቡብ በቡርጋን ዘይቱ በኃይል ፈለቀ። ጦርነቱ ስለ ከለከለ በ1942 ዓ.ም. ጕድጓዶቹ ተደፈኑ። ሰላም ከሆነ በኋላ ሥራው ተቀጠለ፤ ሰኔ 30 ቀን 1946 ዓ.ም. ሼኹ ራሳቸው የብር መዘውር አዙረው የመጀመሪያውን ዘይት ወደ መርከብ አስጫኑ።

በዚህ ስፍራ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። ዐረቦች ይህን ዘይት «ነፍጥ» ይሉታል፤ በጽርእም «ናፍታ» ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ እኛ ሲሻገር ግን ዘይቱን ትቶ መሣሪያውን ያዘ። በጥንት ዘመን ጦርነት ዘይቱ እሳት መወርወሪያ ስለ ነበረ፥ ስሙ ወደ ባሩድ፥ ከባሩድም ወደ ጠመንጃ ዐለፈ፤ ነፍጠኛ የሚለውም ከዚያ የወጣ ነው። መኪና የሚነዳበት «ናፍጣ» ደግሞ የዚያው ቃል ዘመድ ሆኖ በኢጣልያንኛ በኩል የደረሰን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት በአፋችን ቢለያዩም በሥራቸው አንድ ናቸው።

፫ የመንደሪቱ አሠራር

ዘይቱን ለመጫን ሠራተኛ፥ ለሠራተኛውም ማደሪያ ያስፈልግ ነበር። ኩባንያው የመረጠው ስፍራ ከኩዌት ከተማ በስተ ደቡብ የሚገኘውን፥ ዳሃር የተባለውን ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም፤ ምድሩ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ዘይቱ በዚያ በታላላቅ ጋኖች ከተጠራቀመ በኋላ ያለ ሞተር፥ በራሱ ክብደት ብቻ፥ ቍልቍል ወደ ወደቡ ይፈስሳል። ስለዚህ የመንደሪቱን ቦታ የወሰነው ከሰው ምቾት ይልቅ የዘይቱ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ስሟም በሼኹ ስም አሕመዲ ተባለ፤ ወደቡም ሚና አል አሕመዲ፥ ማለት የአሕመዲ ወደብ፥ ተባለ።

ንድፉን ያወጣው ጄምስ ሞሊሶን ዊልሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነው። እርሱ በወጣትነቱ አዲሲቱ ዴልሒ ስትሠራ የኤድዊን ለቼንስ ረዳት ነበር፤ በኋላም በባግዳድና የዘይት ከተማ በሆነችው በአባዳን ብዙ ሕንፃ አሠርቷል። ስለዚህ በሕንድ አገር ለገዢዎች የታሰበው ሥርዓት፥ ማለት ባለ ሰገነቱ ቤት፥ በዙሪያው ያለው የአትክልት ቦታና የቍጥቋጦ አጥር፥ በዚያ ደረቅ ምድር ላይ እንደ ገና ተተከለ። ቀድሞ ውሃ በመርከብ ይመጣበት በነበረው አገር፥ የባሕር ውሃ በእሳት እየተጣራ ለአበባ ይፈስስ ጀመር።

ይሁን እንጂ መንደሪቱ አንዲት ስትሆን በሦስት የተከፈለች ነበረች። በሰሜን በኩል ሰፋፊዎቹ ቤቶች ለእንግሊዞችና ለአሜሪካኖች ሹማምንት ተሠሩ። በመካከል ለሕንድና ለፓኪስታን ጸሐፊዎችና የእጅ ባለሙያዎች መካከለኛ ቤቶች ተሠሩ። በደቡብ፥ የዐረብ መንደር ተብሎ በተሰየመው ክፍል፥ ለተራው ሠራተኛ ትናንሽ ቤቶች በረድፍ ተጠጋግተው ቆሙ። ያም ቢሆን ፈጥኖ የተገኘ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው ሠራተኛ የሚያድረው በድንኳን ነበር። በበጋ እንደ ምድጃ በሚነድደው፥ በክረምትም ብርዱ በሚጠነክረው በዚያ ሜዳ ላይ በድንኳን ማደር ምን እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። የሰሜኑን ግንብ ያቆሙት ሰዎች ማታ የሚገቡት ወደ ሸራ ነበር። የአሕመዲን ካርታ የሚመለከት ሰው እንግዲህ ጽሑፍ ሳያነብ የዘመኑን ሥርዓት ሊረዳ ይችላል፤ የሰው ማዕርግ በምድር ላይ በመንገድና በአጥር ተሥሏልና።

፬ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ

ከመንደሪቱ አሮጌ ሕንፃዎች መካከል አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። በ1948 ዓ.ም. ካቶሊካውያን በአሕመዲ በዐረብያ እመቤት፥ ማለት በቅድስት ድንግል ማርያም ስም አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት አቋቋሙ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽም ኩባንያው ዛሬ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አሠራላቸው። በዚያው ዘመን ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቅዱስ ጳውሎስ ስም ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። በአጥር ለተለያየው ሠራተኛ የጸሎቱ ስፍራ ከተገናኘባቸው ጥቂት ደጆች አንዱ ነበረ፤ ሹሙም ጸሐፊውም በአንድ ጣራ ሥር ይንበረከኩ ነበርና።

የክርስትና ሕንፃ በዚያ ምድር አዲስ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በኩዌት ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ በምትገኘው በፈይለካ ደሴት፥ አል ቁሱር በተባለው ስፍራ፥ የፈረንሳይ መርማሪዎች በ1989 ዓ.ም. የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አግኝተዋል። በኖራ የተቀረጹ መስቀሎችም ከዚያ ወጥተዋል። የምሥራቅ ሶርያውያን ትውፊት የነበራቸው ክርስቲያኖች በዚያ ይኖሩ እንደ ነበር የመሰከረው ያ ኖራ ነው። እንግዲህ ሕንፃ አፍ ባይኖረውም ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የሚጠብቀውና የሚጠይቀው ሲያገኝ ነው።

፭ ስለ ፈረሰውና ስለ ቀረው

የዘይቱ ሀብት አሮጌውን ኩዌት ፈጥኖ አፈረሰው። በ1952 ዓ.ም. ለከተማይቱ አዲስ ንድፍ ወጣ፤ በ1957 ዓ.ም. ሕዝቡ በገዛ እጁ የሠራው ቅጥር ፈርሶ በሮቹ ብቻ ለመታሰቢያ ቀሩ። የጭቃ ቤቶቹም ከነአፍሪካው እንጨት በብዛት ወደቁ። በ1975 ዓ.ም. መንግሥት ኩባንያውን በሙሉ ሲረከብ አሕመዲ የባዕድ ሹማምንት ሰፈር መሆኗ አበቃ።

በነሐሴ 2 ቀን 1990 ዓ.ም. የኢራቅ ሠራዊት አገሩን ወረረ፤ በ1991 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሸሽም ከ600 በላይ የዘይት ጕድጓዶችን አቃጠለ። ከላይ የተናገርንላቸው ሁለቱ ነፍጦች፥ ዘይቱና መሣሪያው፥ በዚያ ቀን ተገናኙ። ለቡርጋን እጅግ ቅርብ የሆነችው አሕመዲ በቀን ጨለመች፤ ነጫጮቹ ግድግዳዎች በጥላሸት ጠቈሩ። የመጨረሻው ጕድጓድ የተዘጋው በኅዳር ወር 1991 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከመሬት በታች የሚወጣ ጋዝ በመገኘቱ በአሕመዲ ከሚኖሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ቤታቸውን እንዲለቅቁ ተደረገ። ለመንደሪቱ መሠረት የሆናት ሀብት መሠረቷን እንደሚያናውጥም ታየ።

ሆኖም አሮጌ ሕንፃ ሁሉ የግድ መፍረስ የለበትም። ከላይ የተነሣው የሚሲዮናውያኑ ሐኪም ቤት በ1967 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ ባዶውን ቈይቶ፥ ታድሶ በ2011 ዓ.ም. የጥበብና የባህል መሰብሰቢያ ሆኗል። ቁስለኛ የተኛበት አዳራሽ ዛሬ ሰው የሚማርበት ነው። የድንኳኑ ሰፈር ግን እንዲህ ያለ ዕድል ሊያገኝ አይችልም፤ ሸራ አይታደስምና። የጌቶች ቤት በድንጋይ ስለ ተሠራ ብቻውን ይተርፋል፤ ኋላ የመጣ ሰውም የቀረውን አይቶ መንደሪቱ በሞላ እንዲህ ነበረች ይላል። ስለዚህ የድኻው ቤት ታሪክ የሚጠበቀው በኖራ ሳይሆን በቀለም ነው።

፮ ይህ ለእኛ ምን ያስተምራል?

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአፋር ዝቅተኛ ምድር በዳሎል፥ ኢጣልያኖች ፖታሽ የሚባለውን ማዕድን ያወጡ ነበር፤ በ1918 ዓ.ም. ከመርሳ ፋጥማ ወደብ እስከ ቆሉሊ ድረስ ሐዲድ ተዘርግቶለት ነበር። በኋላም አንድ የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ መርምሯል። እንጨትም ድንጋይም በቅርብ ስለሌለ የሠራተኞቹ ቤት ከጨው ጡብ ተሠራ። ዛሬ ሰው የለበትም፤ ግድግዳው እየተበላ፥ ብረቱ እየዛገ ይታያል። ጨው ከጭቃም ከድንጋይም ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ስለዚህ በዚያ የሠሩትን ያፋር ተወላጆችና የደጋ ሰዎች የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳሉ ነገሩ ሊጻፍ ይገባል።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ታሪክ መጻፍ የሊቃውንት ሥራ ብቻ ነው ብለህ አትተወው። በኩዌት የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ፥ በዕረፍት ቀናችሁ ለጸሎት ስትሰበሰቡ፥ የምትሠሩበትን ሰፈርና የምትጸልዩበትን ቤት ነገር በደብተር አኑሩ። ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ቤቱ በማን ትእዛዝ ተሠራ፥ እነማን ሠሩት፥ ከምን ተሠራ፥ እነማን ኖሩበት፥ መቼና ስለ ምን ተለወጠ፤ እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የራሳችሁንም ስም ከምስክሮቹ ጋራ መጻፍ አትርሱ። አባቶቻችን በብራና ኅዳግ ላይ የተዉልን ጥቂት መሥመር የስንት ዘመን ክርክር እንደ ቈረጠ እናውቃለን። የእናንተም ጥቂት መሥመር ለሚመጣው ትውልድ እንዲሁ ይሆነዋል።

ቤት ይፈርሳል፤ ይህ የምድር ሥርዓት ነው። የሠራውና የኖረበት ሰው ግን አብሮ እንዳይፈርስ መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።