ዲዝኒ ወርልድ ልትሄዱ ነው? ምግብ ቤት ከስንት ቀን በፊት ይያዛል?

መልሱ አጭር ነው፦ ከ60 ቀን በፊት። ፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ ቁጭ ብላችሁ በአስተናጋጅ የምትስተናገዱባቸውን ምግብ ቤቶች ለቡኪንግ የሚከፍተው በዚህ ስሌት ነው። "180 ቀን" የሚል የቆየ ቪዲዮ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ያ ከኮቪድ በፊት የነበረ አሠራር ነው።

ግን 60 ቀኑ ለሁሉም እኩል አይቆጠርም። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ዘመድ ቤት ወይም ሌላ ሆቴል የሚያርፍ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን ለየብቻው 60 ቀን ይቆጥራል። በራሱ በዲዝኒ ሆቴል የሚያርፍ ግን የሚቆጥረው ሆቴል ከሚገባበት ቀን ነው፤ በዚያችው አንድ ጠዋት እስከ 10 ቀን ድረስ ያለውን ቆይታ በሙሉ መያዝ ይችላል።

በቀን እንየው። ጁላይ 10 ትገባላችሁ፣ ጁላይ 15 ትወጣላችሁ እንበል። የዲዝኒ ሆቴል ከያዛችሁ ሜይ 11 ላይ ሁሉንም ቀን ትጨርሳላችሁ። ዘመድ ቤት ካረፋችሁ ግን የጁላይ 15 እራት የሚከፈትላችሁ ሜይ 16 ነው። እስከዚያ ድረስ ሆቴል የያዙት አምስት ቀን ቀድመዋችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ሆቴሉን ከያዛችሁ በጣም የሚፈለገውን ቤት ወደ ጉዟችሁ መጨረሻ ቀናት አድርጉት፤ እዚያ ላይ ተሻሚው ይቀንሳል። (ሆቴሉ ከዲዝኒ አካውንታችሁ ጋር መገናኘቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ካልተገናኘ ሲስተሙ አያውቃችሁም።)

በኦንላይን የሚከፈተው በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 6 ላይ፣ በእኛ አነጋገር ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሳት አለባችሁ፣ አይዟችሁ። ከአዲስ አበባ ሆናችሁ የምትይዙ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፦ በእነሱ በጋ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት 8 ሰዓት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሩጫ የሚፈልገው ግን እያንዳንዱ ምግብ ቤት አይደለም። ቶሎ የሚያልቁት የታወቁ ናቸው፦ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ሲንደሬላስ ሮያል ቴብልና ቢ አወር ጌስት፣ ኤፕኮት ውስጥ ስፔስ 220፣ ሪቪዬራ ሆቴል ያለው የቶፖሊኖስ ቴራስ ቁርስ። ልጆች ከነሚኪ ጋር ፎቶ የሚነሱባቸው ቤቶችም ይጠባሉ። በረንዳ ላይ ቆማችሁ በርገር የምትበሉባቸው ቤቶች ግን ቦታ ማስያዝ አይፈልጉም፤ ስልካችሁ ላይ አዝዛችሁ መውሰድ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፓርክ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት መያዝ የፓርኩን መግቢያ አይተካም። ሆቴሎቹ ውስጥ ያሉት ግን ትኬት አይጠይቁም።

ገንዘቡስ? ስትይዙ የካርድ ቁጥር ትሰጣላችሁ። ሳትሰርዙ ከቀራችሁ አብዛኞቹ ቤቶች በሰው 10 ዶላር ይቆርጣሉ። አክስት፣ አጎት፣ አያት ተጨምሮ ስምንት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ 80 ዶላር በነፃ ሄደ ማለት ነው። አስቀድማችሁ ክፍያ የምትፈጽሙባቸውም ስላሉ ከመጫናችሁ በፊት የስረዛውን ደንብ አንብቡ። የስምንት ሰው ጠረጴዛ ደግሞ ከአራት ሰው በጣም ይከብዳል። ካጣችሁ በተቀራራቢ ሰዓት ለሁለት ከፍላችሁ ሞክሩ።

ለጾመኞች፦ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፤ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ የሚጓዝበት ወቅት። ዲዝኒ ከ2019 ጀምሮ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነፃ የሆኑ ምግቦችን ሜኑ ላይ በቅጠል ምልክት ያሳያል። ከመያዛችሁ በፊት የቤቱን ሜኑ ከፍታችሁ ቅጠሏን ፈልጉ።

60ኛው ቀን ካለፋችሁም አልረፈደም። ሰው ዕቅዱን ስለሚቀይር ቀኑ ሲቃረብ፣ በተለይ ዋዜማው ላይ፣ የተሰረዙ ቦታዎች ይመለሳሉ። ማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪያንስ የሚባለውን አፕ ጠዋትና ማታ ከፍታችሁ እዩ። በዕለቱ ደግሞ አንዳንድ ቤቶች እዚያው አፑ ላይ የተራ መጠበቂያ ዝርዝር ይከፍታሉ፤ ምሳ በ6 ሰዓት ሳይሆን በ9 ሰዓት ለመብላት ፈቃደኛ ከሆናችሁ የማግኘት ዕድላችሁ ይጨምራል።