«ዳይሞን» እና «ጋኔን»፦ የጥንት ክርስቲያኖች ስለ አጋንንት ያስተማሩት ከፕላቶ የተወሰደ ነውን?



የዛሬው ንግግሬ ችግር የሚገጥመው ገና ከርእሱ ነው። የግሪኩን «ዳይሞን» ወደ አማርኛ ልመልስ ብል በእጄ ያለው ቃል «ጋኔን» ነው፤ ጋኔን ደግሞ በቋንቋችን ከክፋት የሚለይበት ጊዜ የለም። ስለዚህ የፈላስፎቹን «ዳይሞን» በግሪኩ ስሙ እተወዋለሁ፤ የክርስቲያኖቹን ግን «ጋኔን» እለዋለሁ። አንዱ ቃል ወደ ሌላው እንዴት ተሸጋገረ የሚለው ነው የዛሬው ጉዳያችን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት መጻሕፍታችን አፍላጦን የሚሉት ፕላቶ «ሲምፖዚየም» በተባለው ድርሰቱ፣ ዲዮቲማ የተባለች ሴት ሶቅራጥስን ስታስተምር ያሳየናል። እንደ እርሷ ቃል አምላክ ከሰው ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ በመካከል ዳይሞኖች አሉ። የሰውን ጸሎትና መሥዋዕት ወደ ላይ፣ የአማልክትን ትእዛዝ ወደ ታች ያደርሳሉ። በዚህ ውስጥ አንዳች ክፋት የለም። ክፋቱ የገባው በኋላ ነው፤ ከፕላቶ ቀጥሎ ሁለተኛው ተተኪ ሆኖ አካዳሚውን የመራው ዜኖክራጥስ ከዳይሞኖች መካከል ክፉዎችም እንዳሉ አስተማረ። በዴልፊ ካህን የነበረው ፕሉታርኮስ ይህን ሐሳብ በደስታ ተቀበለው፤ በበዓላት የሚታየውን አስቀያሚ ሥርዓት ሁሉ ከአማልክት ላይ አንሥቶ በዳይሞኖች ላይ ለመጫን አስችሎታልና።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከራከሪያ ይህ ነው፦ ክርስቲያኖች በመካከል ያሉ፣ ረቂቅ አካል ያላቸው፣ መሥዋዕት የሚወዱ መናፍስትን ተዘጋጅተው አገኙ፤ ስማቸውን ብቻ አጠቆሩ። እኔም በወጣትነቴ ይህን አምን ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የዮስጢኖስ ሰማዕት ንባብ ነው።

ዮስጢኖስ በፍልስጥኤም ናብሉስ አካባቢ የተወለደ፣ የፕላቶን ትምህርት የተከተለና ክርስቲያን ከሆነ በኋላም የፈላስፋ ካባውን ያላወለቀ ሰው ነው። ከፕላቶ የሚዋስ ሰው ቢኖር እርሱ መሆን ነበረበት። ነገር ግን በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በጻፋቸው የመከላከያ መልእክታት አጋንንት ከወዴት መጡ ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ከአካዳሚው አልመጣም። መላእክት ሥርዓታቸውን ጥሰው ከሴቶች ጋር ተኙ፤ አጋንንትም የእነርሱ ልጆች ናቸው፤ ለሰው ልጅ መሥዋዕትንና ዕጣንን ያስተማሩትም እነርሱ ናቸው ይላል። ይህ ለእናንተ እንግዳ ታሪክ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ነው። አቴናጎራስም በ177 ገደማ ሲጽፍ የፕላቶንና የታሌስን ስም ይጠራል፤ የአጋንንትን ምንነት ለመናገር ሲደርስ ግን የሞቱት ረዓይት፣ ማለትም የግዙፋኑ፣ ነፍሳት ናቸው ብሎ ወደ ሄኖክ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዴ ልውጣ። ሄኖክን ሙሉ አድርጎ ያቆየው ግእዝ ብቻ ነው። በ1773 ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ የዚያ አህጉር ሊቃውንት የነበራቸው ቁርጥራጭ ነበር። በቁምራን ዋሻዎች የተገኘው የአራማይክ ቅጂ ደግሞ መጽሐፉ ከክርስትና በፊት እንደነበረ አረጋገጠ። ስለዚህ የዮስጢኖስን ምንጭ ለሚፈልግ ተማሪ የአቴናው አካዳሚ አይበቃውም፤ ግእዝ ይማር።

ቃሉም ቢሆን ወደ ክርስቲያኖች የደረሰው በፈላስፎች እጅ አይደለም። ዕብራይስጡ በመዝሙር 95 የአሕዛብን አማልክት ከንቱ ነገር ይላቸዋል፤ የግሪኩ ትርጉም ግን «ዳይሞንያ» አላቸው። የእኛም ዳዊት የግሪኩን ተከትሎ «አጋንንት» ይላል። ዮስጢኖስ ከመወለዱ በፊት፣ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ከመጻፉ በፊት፣ በግሪክኛ የሚናገሩ አይሁድ ቃሉን በመዝሙራቸው ክፉ አድርገውት ነበር።

ታዲያ ፕላቶ ምንም ድርሻ የለውም? አለው፤ ግን የተጠበቀው ቦታ ላይ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ኦሪገን የሄኖክ መጽሐፍ በአብያተ ክርስቲያናት ዘንድ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ በስፋት እንደማይቆጠር ይናገራል። በእርሱ ዘንድ መላእክት፣ ሰዎችና አጋንንት አንድ ዓይነት ባሕርይ የነበራቸው አእምሮዎች ናቸው፤ ፍቅራቸው እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንደየምርጫቸው ወደቁ። እዚህ ላይ የፕላቶ እጅ በግልጽ ይታያል ብዬ አምናለሁ። ይህን ግን ለጥንቱ ክርስትና ሁሉ ማልበስ ስሕተት ነው።

ክርክሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ ኬልሶስን ላንሣ። ይህ የፕላቶ ተከታይ በ178 ገደማ በክርስቲያኖች ላይ ጽፏል፤ የምናውቀውም ኦሪገን ሲመልስለት ከጠቀሰው ነው። ዳይሞኖች በታላቁ ንጉሥ ሥር ያሉ አገረ ገዦች ናቸው ይላል። ውኃውንና አየሩን፣ እህሉንና ወይኑን ያስተዳድራሉ። በልተህ ጠጥተህ ሳታመሰግናቸው ማለፍ ውለታ ቢስነት ብቻ ሳይሆን ዐመፅም ነው። ዳይሞን አገረ ገዥ ከሆነ መሥዋዕት ግብር ነው፤ የማይከፍልም ይቀጣል። ጋኔን ከሆነ ግን መሥዋዕቱ ባርነት ነው። ዮስጢኖስ በሮም ችሎት የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ከሳሾቹን የሰማው አለቃ ሩስቲኩስ ራሱ የንጉሠ ነገሥቱ የማርቆስ አውሬልዮስ የፍልስፍና መምህር ነበር፤ እንዲሠዋ አዘዘው፤ እምቢ ሲል አንገቱን አስቆረጠው።

በዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። ዮስጢኖስ ሶቅራጥስን ያከብረዋል፤ አጋንንትን ሊያጋልጥ ስለ ሞከረ በአጋንንት አነሣሽነት ተገደለ ይላል። ሶቅራጥስ ግን የሚከለክለኝ «ዳይሞንዮን» አለኝ ይል የነበረ ሰው ነው። ዮስጢኖስ ይህን በዝምታ አለፈው፤ ተርቱልያኖስ ግን አላለፈውም፣ ሶቅራጥስን ራሱን ከጋኔን ጋር አቆራኝቶ ነቀፈው።

ደግሞም ተጽዕኖ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይፈስም። የክርስቲያኖች ጽኑ ጠላት የነበረው ፈላስፋው ፖርፊሪዮስ ከሥጋ መብል ስለ መከልከል በጻፈው መጽሐፍ፣ ክፉ ዳይሞኖች በመሥዋዕት ጢስና ደም እንደሚሰቡ ያስተምራል። ኦሪገን ከእርሱ በፊት ይህንኑ ብሏል። ማን ከማን ወሰደ? እኔ በሁለቱ ወገን መካከል ድንበር የነበረ አይመስለኝም፤ በአንድ ከተማ፣ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ እያነበበ የሚኖር የሚጣላ ጎረቤት ነበሩ። የቄሣርያው አውሳብዮስ ይህን የፖርፊሪዮስን ቃል በሰፊው እየጠቀሰ መልሶ በአሕዛብ አምልኮ ላይ አዋለው።

ጠቡ በቃሉ ላይ ምን እንዳደረገ አውግስጢኖስ ይነግረናል። በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «የእግዚአብሔር ከተማ» ሲጽፍ፣ አፑሌዩስ ስለ ሶቅራጥስ ዳይሞን ያስተማረውን ነጥብ በነጥብ ይመረምራል፦ አየራዊ አካልና ዘለዓለማዊ ሕይወት እያላቸው እንደ እኛ በስሜት የሚናወጡ ከሆነ፣ ዘለዓለም ጎስቋሎች ናቸው እንጂ አማላጆች አይደሉም ይላል። ከዚያም ከሙግቱ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝን አንድ ነገር ያክላል። በዘመኑ ከአሕዛብም ቢሆን ባሪያውን ሊያመሰግን ብሎ «አንተ ጋኔን አለብህ» የሚል የተማረ ሰው እንደማይገኝ ይጠቅሳል። ዲዮቲማ ይህን ብትሰማ ግራ ይገባት ነበር።

ለጥያቄያችሁ ጊዜ እንዲተርፍ በዚህ ላቁም።