ጭስ የሌለው ባቡር፣ ከገበያ የራቀ ጣቢያ

«ባቡር» የሚለው ቃል ከእንፋሎት ጋር የመጣ ነው። ፈረንሳዮች እንፋሎትን «ቫፐር» ይሉታል፤ ቃሉ በመርከብና በወደብ ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ባቡር ሆነ። ዛሬ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለሰው ባቡር እንፋሎትም ጭስም የለውም፤ ስሙ ግን ያው ነው። እኛ የድንበር ነጋዴዎች ይህን መስመር የምናውቀው በሦስት ዘመኑ ነው፦ በእንፋሎት፣ በናፍጣና በኤሌክትሪክ። ሞተሩ በተለወጠ ቁጥር ገበያችንም ተለውጧል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ቢታሰብም ተራራው ወጪውን ስለሚያንረው ከግርጌው ቆላ ላይ አለፈ። በ1902 እዚያ የተተከለው ጣቢያ ድሬዳዋን ወለደ። መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ሲሆን ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ግመል ሳምንታት የሚፈጅበትን መንገድ ባቡሩ በሦስት ቀን ይጨርሰው ነበር፤ ሲመሽ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። መንገደኛ ባደረበት ደግሞ ምግብ፣ ሻይና መኝታ የሚሸጥ አይጠፋም። የመስመሩ ከተሞች ያደጉት እንዲህ ነው።

በ1950ዎቹ የናፍጣ ሞተር የእንፋሎቱን ተካ። በረሃ ላይ ውሃ ለመቅዳት መቆም ቀረ። የእናቶቻችን ንግድ የደራውም በዚህ ዘመን ነው። ወደ ጅቡቲ ጫትና አትክልት ይሄዳል፤ ከዚያ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ይመጣል። ጉምሩክ ገሚሱን ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ ስንቱ ልጅ ግን በዚያ ተምሯል። ትልቁ ጥቅም ጣቢያው መሀል ከተማ መሆኑ ነበር። ለገሐርም ድሬዳዋም፣ ማዳበሪያ ተሸክሞ የወረደ ሰው በእግሩ ገበያ ይደርሳል።

በ1977 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ። ከዚያ በኋላ ጥገናው እየቀነሰ፣ ሐዲዱ እያረጀ ሄደ። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የተሸከመው ግን ባቡሩ ሳይሆን የጭነት መኪና ነበር። የመኪናው ናፍጣም በዚያው መንገድ በቦቴ ይመጣል። ነዳጅ ለማምጣት ነዳጅ እናቃጥል ነበር ማለት ነው፤ ለዚያውም በዶላር የተገዛ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በጥቅምት 2016 ለቡ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 ነው። በጭነት መኪና ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ ግማሽ ቀን ገደማ ወረደ። የካርቦን ጭስ መቀነሱም እዚህ እውነት ነው። ኤሌክትሪክ በድንጋይ ከሰል በሚመረትበት አገር ባቡሩ ጭሱን ከሐዲዱ ወደ ማመንጫው ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። በኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይል ከውሃ ይመነጫል፤ በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ይህን አጠናክሮታል። ጅቡቲም ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች።

ታዲያ ምን ጎደለ? ጣቢያው። ለቡ ከመርካቶ ሩቅ ነው፤ የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፤ የጅቡቲው ናጋድም እንዲሁ። ቋጠሮ የያዘች እናት ጣቢያ ለመድረስ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ትኮናተራለች፤ ከትርፏ ይቀነሳል። ሐዲዱ ላይ የዳነው ጭስ ከፊሉ በዚያ መንገድ ላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ከ2015 ጀምሮ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የኤሌክትሪክ ቀላል ባቡር አላት፤ አንዱ መስመር ቃሊቲ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ለቡ አይደርስም። በአንድ ከተማ ሁለት የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠርቶ አንዱ ከሌላው አይገናኝም።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችም መንገድ ላይ ወጥተዋል። እኛ የምንለው፣ ከእነዚህ አውቶቡሶች ጥቂቶቹ ከጣቢያ ገበያ ይመደቡ፤ ከለቡ መርካቶ፣ ከድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ መሀል ከተማ፣ ከናጋድ ጅቡቲ ከተማ። የዕቃ ቦታም ይኑራቸው። ሰዓታቸውም ከባቡሩ ጋር ይግጠም።

ድሬዳዋን ያሳደጋት ሰው ከባቡር ወርዶ ወዲያው መሸጥና መግዛት መቻሉ ነው። አዲሱ ባቡር ጭሱን ትቷል፤ ትንሹን ነጋዴ ግን ትቶ እንዳይሄድ ይህችን አጭር መንገድ ማገናኘት ያስፈልጋል።