አርባ ሰው በባሮ ዳር

ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል። ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የተነሳው የእንፋሎት መርከብ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥቶ፣ በሶባት ታጥፎ፣ ጋምቤላ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ከደጋው እየወረደ ይጫናል፤ ከመርከቡ ጨውና አቡጀዲ ይራገፋል። ዝናቡ ሲያባራ ውሃው ይጎድላል፣ መርከቡ ይቀራል፣ ነጋዴውም አብዛኛው ወደ መጣበት ይመለሳል።

የጣቢያውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ቡናው ብዙ ብለዋል፤ ስለ ግሪክና ስለ ሶርያ ነጋዴዎቹም እንዲሁ። እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነገር ነው፦ ዓርብ። በዚያች ጣቢያ ከሱዳን የመጣ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ፖሊስና መርከበኛ አለ። ከደጋ የወረደ ሙስሊም ነጋዴ አለ። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ይሰገድ ቢባል ስንት ሰው ሲሞላ ነው?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት መንገድ) ጁምዓ እንዲቆም አርባ ወንድ ያስፈልጋል፤ ያውም ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ የአገሩ ነዋሪ የሆነ። መንገደኛ አብሮ ቢሰግድ ሶላቱ ይያዝለታል እንጂ ከአርባው አይቆጠርም። ማሊኪው አሥራ ሁለት ይበቃኛል ይላል፤ እሱም ቢሆን ነዋሪ ይሁኑ ባይ ነው። ሐነፊው ከኢማሙ ሌላ ሦስት ሰው ካገኘ ቁጥር አያስጨንቀውም፤ ግን ቦታው ከተማ እንዲሆን፣ ፈቃዱም ከሡልጣን ወይም ከእንደራሴው እንዲመጣ ይጠይቃል። እንግዲህ ጋምቤላን በነዚህ ሦስት ሚዛኖች መዝኗት። ነጋዴው ክረምት ጠብቆ የሚመጣ መንገደኛ ነው። ጣቢያዋ ከተማ ትባል ወይስ መንደር፣ ያከራክራል። ሡልጣኑስ ማን ነው? መሬቱ የምኒልክ፣ አስተዳዳሪው እንግሊዝ፣ ደመወዙ ከካርቱም። ኪታብ የቀራ ሸህ እዚያ ቢደርስ ራሱን ሳያክ አያልፍም።

መላ ግን አልጠፋም። የኋለኞቹ የሐነፊ ሊቃውንት ገዢው ሙስሊም ባልሆነበት አገር ሙስሊሞች ራሳቸው ኢማም መርጠው ይሰግዳሉ ብለዋል። ከሻፊዒዎችም ከአርባ ባነሰ ሰው መስገድን የፈቀዱ አሉ፤ ጥንቁቁ ደግሞ ጁምዓውን ሰግዶ ሲያበቃ ዙህርን ይጨምርበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መዝሀብ የገባው መንገድ ተከትሎ ነው። ከዘይላዕና ከሐረር በኩል የገባው ሻፊዒ ነው፤ ምሥራቁንና ደቡብ ምሥራቁን ይዟል። ወሎ ላይ ሻፊዒና ሐነፊ ጎን ለጎን ይቀራሉ። ከሱዳን በኩል የመጣው ማሊኪ ነው፤ ቤኒሻንጉል ላይ ሥር ሰዷል። ከቦርኖ ተነስተው በሱዳን አድርገው ወለጋና ጅማ የገቡት የቲጃኒያው ሸህ አል-ፈኪ አሕመድ ዑመርም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት፤ መቃብራቸው ያአ ላይ እስከ ዛሬ ይዘየራል። ባሮ የዚሁ መንገድ አንዱ ቅርንጫፍ ነበር፤ ልዩነቱ በቅሎ ሳይሆን መርከብ ይሄድበት የነበረ መሆኑ ነው።

ይህ አሰፋፈር ከጥንት የረጋ እንዳይመስላችሁ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሀበሻ ሙስሊም ግዛቶች የጻፈው አል-ዑመሪ የኢፋትን ሰዎች ሻፊዒ ሲላቸው፣ ባሌንና ደዋሮን ከሐነፊ ይመድባቸዋል። የዛሬው ባሌ ሻፊዒ ነው። አያት እንደ ሐነፊዎች እጁን እምብርቱ ሥር አስሮ የሰገደበት አገር ላይ የልጅ ልጁ እንደ ሻፊዒዎች ከእምብርቱ በላይ ያስራል፤ በመካከሉ ማን መቼ እንደቀየረ የሚያስታውስ የለም።

እጅን ካነሳን፣ በሶፍ (በሰጋጆች ረድፍ) ላይ ዓይን የሚስበው ልዩነት እሱ ነው። ጋምቤላ ሄጄ አንድ ቀን ዙህር ላይ ሶፍ ስገባ ከቀኜ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። አየሩ የሚታፈን ነው፤ የጣራው ማራገቢያ ይንቋቋል። ተክቢራውን ብለን እኔ ቀኝ እጄን ግራዬ ላይ ሳስር እሳቸው ሁለቱንም ለቀቋቸው። እንደ ወታደር አልተገተሩም፤ እጃቸው ከጎናቸው ዘና ብሎ ተንጠለጠለ። ከሰገድን በኋላ በር ላይ ጫማ ስንፈልግ አላስቻለኝምና ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እጅዎን የማያስሩት ለምንድን ነው?»

«አባቴ እንዲህ ነበር የሚቆመው» አሉኝ። ቀጠሉና «አንተንስ ልጄ፣ ማን አሰረህ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ ግን የአባት ልማድ ብቻ አይደለም። ከኢማም ማሊክ ተማሪዎች የተላለፈው የማሊኪዎች ትልቁ የሕግ መጽሐፍ፣ ሙደወና፣ በግዴታ ሶላት ላይ እጅን ማሰር ማሊክ እንደማይወዱት ይናገራል። ማሊክ ራሳቸው ባዘጋጁት በሙወጠእ ደግሞ ቀኝ እጅን በግራ ላይ ስለማድረግ የሚናገር ሐዲስ አለ። ይህን ለማስታረቅ አንዳንዶች አንድ ታሪክ ያወራሉ፦ የመዲና አገረ ገዥ ማሊክን አስገርፎ ትከሻቸውን ስላወለቀው ማሰር አቅቷቸው ነው የለቀቁት። ማሊኪዎቹ በዚህ ይቆጣሉ፤ እውነት አላቸው። መምህራቸው ሕግ ያወጡት የመዲናን ሰዎች ሲሰግዱ አይተው እንጂ ትከሻቸውን ሲያማቸው አይደለም።

ሌላው ልዩነት የሚሰማ ነው። የሻፊዒ ኢማም ፋቲሓን ሲጀምር ቢስሚላህን ጮክ ብሎ ይላል። ሐነፊው በለሆሳስ ይላታል። ማሊኪው በግዴታ ሶላት ላይ ጭራሽ አይላትም፤ ቀጥታ «አልሐምዱ ሊላህ» ብሎ ይነሳል። በቃ ያ ነው እንዳትሉ፤ ሱዳኖች በብዛት የሚቀሩት በዱሪ የቁርኣን አነባበብ ስለሆነ ስለ ፍርዱ ቀን የምትናገረው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ሌላው «ማሊኪ» ብሎ የሚያስረዝማትን ቃል «መሊኪ» ብለው ያሳጥሯታል። ልጅ ሆኖ በአንዱ የቀራ ሰው ሌላውን ሲሰማ ኢማሙ የተሳሳተ ይመስለዋል። ሁለቱም ከጥንት የተወረሱ ናቸው።

ስለዚህች ቢስሚላህ እጅግ ረጅም ክርክር ካሰፈሩት አንዱ የኛው አካባቢ ሰው ናቸው ብል አላጋነንሁም። የትውልድ ስማቸው ከዘይላዕ የሚመዘዘው ጀማሉዲን አል-ዘይለዒ ካይሮ ላይ በ762 ዓመተ ሂጅራ አረፉ። ሐነፊ ነበሩ። «ነስቡ ራያህ» በተባለው ሥራቸው የሐነፊዎችን ማስረጃ ሐዲስ በሐዲስ እየለቀሙ መረመሩ። ቢስሚላህ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው አልቆም አለ፤ ጮክ ይባል የሚሉትን ሁሉ ማስረጃ ሰብስበው፣ የዘጋቢዎቹን ስም አንድ በአንድ እያነሱ ፈተሹ። መደምደሚያቸው ለመዝሀባቸው ያደላ ነው። ግን የተቃዋሚን ማስረጃ ሳይደብቁ አሟልቶ በማቅረብ የተመሰገኑ ናቸው፤ ሻፊዒዎችም ሳይቀሩ ይጠቅሷቸዋል። ዘይላዕ ራሷ የሻፊዒ አገር መሆኗ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

የሱብሒ ቁኑት ይከተላል። የሻፊዒ ኢማም ከሁለተኛው ሩኩዕ ቀና ሲል እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ የቆመው ሁሉ አሚን ይላል። ማሊኪው ቁኑትን ከሩኩዕ በፊት፣ ድምፁን ሳያሰማ ይጨርሳታል። ሐነፊው ሱብሒ ላይ የለም ባይ ነው። እንግዲህ ሦስቱም በአንድ ሶፍ ቢቆሙ ኢማሙ እጁን ሲዘረጋ ሐነፊው እጁን ጎኑ ጥሎ ዝም ይላል፤ ማሊኪው ደግሞ ሩኩዕ ከመውረዱ በፊት ብሎት ይሆናል። ቀደምቶቹ በዚህ ይቻቻሉ ነበር፦ ኢማም ሻፊዒ በባግዳድ የአቡ ሐኒፋ መቃብር አጠገብ ሱብሒ ሲሰግዱ ቁኑቱን ለባለመቃብሩ አክብሮት ሲሉ ተዉት ይባላል። የነቢዩ ባልደረባ ኢብኑ መስዑድ መካ አጠገብ ሚና ላይ ኸሊፋው ዑስማን ሶላቱን ማሳጠር ሲተዉ ተቃውመው ሲያበቁ ከኋላቸው ቆመው አራት ረከዓ ሰገዱ፤ ቢጠየቁ መለያየት ክፉ ነው አሉ።

ሁሉም ግን እንደነሱ አልነበረም። የመካው ታላቁ መስጊድ ውስጥ አራቱ መዝሀቦች ለየራሳቸው ኢማም፣ ለየራሳቸው መቆሚያ ነበራቸው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአንዳሉሲያ ለሐጅ የሄደው ኢብኑ ጁበይር ያየውን ጽፎታል፦ ሌላውን ሶላት በየተራ ይሰግዳሉ፤ መግሪብ ግን ጊዜው ስለሚያጥር ሁሉም በአንድነት ይነሳሉ፣ ተክቢራው ከየአቅጣጫው ይደበላለቃል፣ ሰውም በሌላ ኢማም ተክቢራ ይወርዳል ይነሳል። ይህ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሮ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳዑዲዎች መካን ከያዙ በኋላ ነው በአንድ ኢማም የተተካው።

ለምን መካ አራት ኢማም ኖራት? ሰው ስለሞላት ነው እላለሁ። መከፋፈል ብዛት ይፈልጋል። ጋምቤላ ያ ቅንጦት አልነበራትም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም ነፃ ወጣች፤ በቀጣዩ ዓመት ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ፤ የባሮ ንግድም ቀስ በቀስ ደከመ። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ከጋምቤላ ክልል ሕዝብ ሙስሊሙ ከመቶ አምስት እንኳ አልሞላም። ፕሮቴስታንቱ ሰባ ከመቶ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ እጅህን ለምን ለቀቅህ ብሎ ሰው ማባረር ሶፉን ባዶ ማስቀረት ነው።

በሙስሊሙ ቁጥር ላይ አንድ ትልቅ ጭማሪ የመጣው በመከራ ነው። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከደቡብ ሰው በአውቶቡስና በአንቶኖቭ እየጫነ ወደ ምዕራብ አወረደ፤ ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ አካባቢ ሰፈራ ተቆረቆረ። ከወሎ የመጣው ሙስሊም ከብርዳም ጋራ ወርዶ ከወባ ጋር ሲጋፈጥ ይዞት የመጣው ዕቃ ትንሽ ነው፤ ዱዓውን፣ መውሊዱን፣ ከሶላት በኋላ በኅብረት አሚን ማለቱን ግን ይዞ መጥቷል። ማሊኪው ለዚያ እንግዳ አልነበረም፤ የሱዳን ሱፊም ዚክር ይወዳል።

እውነተኛው ጠብ ከሌላ አቅጣጫ ነው የመጣው፤ መነሻውም መዝሀብ አልነበረም። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐረር ላይ ሸህ አብደላ ሐረሪና ሸህ ዩሱፍ አብዱረሕማን በእምነት ትምህርት ተለያዩ፤ ሸህ አብደላ ከአገር ወጥተው ቤሩት ከተሙ፣ እዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. አረፉ። ከ1983 ዓ.ም በኋላ መጽሐፉም፣ ጉዞውም፣ ከመዲና ተምሮ የሚመለሰው ወጣትም በዛ። አዲሱ ትውልድ ክንዱን ደረቱ ላይ ከፍ አድርጎ አሰረ፣ እግሩን ከጎረቤቱ እግር አጣበቀ፣ በኅብረት የሚደረገውን ዱዓ ቢድዓ ነው አለ። ሽማግሌው እግሩን ሲሸሽ ወጣቱ ሲከተል፣ ሶፉ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ያላየ የዚያ ዘመን ሰጋጅ ያለ አይመስለኝም። ድሮም እጅ ይለያይ ነበር፤ አሁን ግን እጅህ የማን ወገን እንደሆንህ የምትናገር ሆነች። በ2003 ዓ.ም ክረምት አሕባሽ የተባለው የሸህ አብደላ ተከታዮች ትምህርት ሥልጠና ሲጀመር፣ በ2004 ዓ.ም ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነስቶ «ድምፃችን ይሰማ» ሲባል፣ ክርክሩ መጅሊሱን (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱን) ማን ይምራው፣ ኢማሙን ማን ይሹመው የሚል ነበር። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም በመጅሊሱ ሲወዛገቡ የቆዩት ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ መጅሊሱን እንዲመሩ ሲመረጡ የቢስሚላህ ድምፅ አጀንዳ አልነበረም።

ረመዷን ላይ ግን አሁንም ቁጥር አለ። ተራዊሕ ሃያ ነው የሚለው አለ፤ ስምንት ነው የሚለው አለ፤ የጥንት የመዲና ሰዎች ሠላሳ ስድስት ይሰግዱ ነበር። ጋምቤላ በገባሁበት በዚያው ጉዞ አንድ ማታ ለተራዊሕ ሄድሁ። ከስምንተኛው ረከዓ ሰላምታ በኋላ ከፊት ሶፍ ጥቂት ወጣቶች ተነስተው ወጡ። ኢማሙ ዞር አላሉም። ከኋላ የነበሩት ሰዎች ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ፊት ተጠጉ፤ እኚያ እጃቸውን የሚለቁት ሽማግሌ አንድ ሶፍ አለፉና አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ሃያው ሲያልቅ በሩ ላይ የቀረውን ጫማ ቆጠርሁት። ከአርባ ያነሰ ነበር።