አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ጆሮ

የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲተረክ ደራስያኑ በየስማቸው ይነሣሉ፤ ማተሚያ ቤቶቹም አይዘነጉም። አንባቢው ግን፣ በተለይ ተማሪው፣ ከታሪኩ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ተማሪ ምን ያነብ ነበር? መጽሐፉን ከማን ያገኘው ነበር? የትስ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያነበው? ይህን ፈልጎ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ደጋግሞ የሚያጋጥመው አንድ ነገር አለ። በዚህ አገር ተማሪ ብቻውን ያነበበበት ዘመን አጭር ነው። መጽሐፍ ብርቅ ስለነበረ አንዱን ብዙዎች ይካፈሉታል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዳዊት ነው። ፊደል ቆጥሮ አቡጊዳውን ያለፈ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ ከዚያ ወንጌሉን፣ ከዚያም 150ውን መዝሙር። ንባቡ በአንድ ጊዜ አይገኝም። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ መጀመሪያ በቁጥር ንባብ እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ ይጠራል። ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ ፊደላቱን በዝግታ እያያያዘ ይዘልቃል፤ በውርድ ንባብ ዜማውን ይለምዳል፤ በመጨረሻ በቁም ንባብ ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ተጣይ ይሁን ሰያፍ፣ ገጹ ላይ ምልክት የለውም። የሚለየው ጆሮ ነው። የኔታ ፊታቸውን ወደ ሌላ ልጅ አዙረው ሳለ እንኳ ከወዲያ ጥግ አንዱ ወዳቂውን ሲያነሣው ከሰሙ መጽሐፉን ሳያዩ ያርሙታል፤ ዳዊቱን በቃላቸው ያውቁታልና።

ዳዊቱ የብራና ነው። የፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ጸሐፊው በመቃ ብርዕ በጥቁርና በቀይ ቀለም ብዙ ደክሞበት የሚወጣ መጽሐፍ ነውና ለእያንዳንዱ ልጅ አይዳረስም። ልጆቹ በተራ ይይዙታል፤ ቀደም ብሎ የተማረው ለአዲሱ ያስጠናል። ሲመሽ ደግሞ መብራት ስለሌለ መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ይገባና የቃል ትምህርት ይቀጥላል፤ ውዳሴ ማርያሙን በጨለማ ከየኔታ አፍ እየተቀበሉ ያጠናሉ። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ። ለብዙው ሰው ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ የዘለቀው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሰደዳል።

መጻሕፍት ቤት የደረሰው ተማሪ ዘንድም ንባብ የጉባኤ ሥራ ነው። አንዱ ተማሪ የግዕዙን ጥሬ ንባብ ጮክ ብሎ ያሰማል፤ መምህሩ አንድምታውን በአማርኛ ያወርዳሉ፤ የቀረው ዙሪያውን ተቀምጦ በልቡ ይይዛል። ከጉባኤው በኋላ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሰሙትን እርስ በርስ ይከልሳሉ። እጁ ላይ አንድም ቅጠል ሳይኖር አራቱን ወንጌል ከነትርጓሜው የሚያወጣ ሊቅ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ኅትመት ሲመጣ ይህ ልማድ ወዲያው አልተለወጠም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን፣ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ አገር ቤት ውስጥ ልብ ወለድ የሚያነብ ሕዝብ ገና አልነበረም። ሕዝቡን ያፈሩት ቀስ በቀስ የመጡት ትምህርት ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች ናቸው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ስሙን የሚጋራው ጋዜጣና ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሁለቱም የ1917 ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በበኩላቸው «ወዳጄ ልቤ»ንና «አዲስ ዓለም»ን የመሰሉ መጻሕፍት ለወጣቱ አከታትለው አወጡ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ደግሞ የፊደል ገበታን በወረቀት አትመው አሠራጩ። የእኚህን ሰው ሥራ ከማንኛውም ልብ ወለድ በላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ገበታው ድሃው ቤት ድረስ ስለገባ ልጅ የራሱ የሆነ የሚነበብ ነገር በእጁ ያዘ።

ከዚያ የጣልያን ወረራ መጣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከተማረው ወጣት ብዙው፣ በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ እየታደነ ተገደለ። ከተረፉት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ።

የሐዲስ የተማሪነት ታሪክ የዚህ ጽሑፍ አከርካሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተማሩ፤ አዲስ አበባ መጥተው ደግሞ ዘመናዊውን ጨመሩበት። ጣልያን ከማረካቸው በኋላ ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች አሰራቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የልብ ወለዱ ጀግና ያደረጉት ያንኑ የሚያውቁትን ተማሪ ነው። በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው። ከሰብለ ወንጌል ጋር የሚያገናኘውም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ እንዲያስተምር መቀጠሩ ነው። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከሁሉ የገነነው ፍቅር የተጠነሰሰው ትምህርት ላይ፣ በመምህርና በተማሪ መካከል መሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል።

መጽሐፉን ያላነበቡት ሁሉ ግን ያውቁታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ አንብቦላቸዋልና። የመድረክ ሰው የነበረው ወጋየሁ በደርግ ዘመን ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በታሪኩ ውስጥ ላለው ጉዱ ካሣ አንድ ድምፅ፣ ለፊታውራሪ መሸሻ ሌላ ድምፅ ሰጣቸው። በየመንደሩ ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ሰብስቦ አዳመጠ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገዝቶ የገለጠ ተማሪ በጆሮው ውስጥ የወጋየሁን ድምፅ እየሰማ ነው ያነበበው።

ወደ ኋላ መለስ ስንል፣ ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ በኋላም የስድስት ኪሎው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪ ሌላ ዓለም ከፈቱ። የማትሪክ ፈተና የሚጠብቀው ሁሉ ቦታ ለመያዝ ማልዶ ይሄድ ነበር፤ ቦታው የሚያዘው ለፈተናው መጽሐፍ ነበር፣ የሚወደው ግን ሌላ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች፣ ወደ 300 የሚጠጉ መምህራን፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ሲመደቡ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በኪሳቸው የሚይዙ ልጆች በየአውራጃው ከተማ በረከቱ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን የዘመኑ ንባብ ወደ ፖለቲካ አዘነበለ። ማርክስ፣ ሌኒን፣ ማኦ፣ ፍራንዝ ፋኖን። በጥናት ክበቡ አንዱ አንብቦ ይመጣል፣ ያስረዳል፣ ሌሎቹ ይከራከራሉ፤ ያልተገኘው መጽሐፍ በስቴንስል ይባዛል። ከመጻሕፍት ቤቱ ጉባኤ ጋር ያለው ዝምድና ዓይን የሚገባ ነው። ዝምድናው በሰዎቹም ይታያል፤ በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም» የተባለ ግጥሙን በተማሪው ፊት ያሰማው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው፣ ቅኔውን የተማረው ከቤተ ክህነት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችንና መምህራንን ገጠር ሲያወርድ አንባቢው አስነባቢ ሆነ። ሁለት ዓመት ያህል ሳይቆይ ግን ያው ትውልድ መጽሐፉን የሚደብቅበት አጣ። በቀይ ሽብር ቤት ሲፈተሽ የሚገኝ አንድ በራሪ ወረቀት ለሞት ይበቃ ነበር። ወላጆች የልጆቻቸውን መጻሕፍት ጓሮ ቀበሩ፣ ምድጃ ውስጥ ጨመሩ፣ ሽንት ቤት ጣሉ። ስንት የግል ቤተ መጻሕፍት እንደዚህ እንደጠፋ ማሰብ ያማል።

ተርጓሚው ነቢይ መኮንን የታሰረው በዚያ ዘመን ነው። በማዕከላዊ እስር ቤት እያለ የማርጋሬት ሚቼል ትልቅ ልብ ወለድ እጁ ገባ፤ ወደ አማርኛ መለሰውም። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ሲሆን 3,000 ያህል ፈጅቷል። ወረቀቶቹ ከሚፈቱ እስረኞች ጋር በጥቂት በጥቂቱ ወጡ። ነቢይ ከተፈታ በኋላ የተበተነውን አሰባስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አሳተመው፤ ተማሪውም ተሻማበት።

በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አወጣ። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻና ስለ አስመራ የተጻፈው መጽሐፍ ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ ተሰበሰበ። በየካቲት 1976 ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ጠፋ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። መንግሥት የሰበሰበውን መጽሐፍ ተማሪ በጋዜጣ ሸፍኖ፣ በውሰት ተቀባብሎ አነበበው። የታገደ መጽሐፍ የሚዋሰው ለአንድ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ ጓደኛሞች አብረው አድረው ይጨርሱታል።

የመጽሐፍ ኪራይ የደራው እንግዲህ በዚህ መሬት ላይ ነው። ተማሪ በምሳ ገንዘቡ «ሰመመን»ን የመሰለ ልብ ወለድ ሊገዛ አይችልም፤ ሊከራየው ግን ይችላል። አከራዩ መያዣ ይቀበላል፤ መታወቂያ፣ አንዳንዴም ሌላ መጽሐፍ። ቀን ቢያልፍ ይቀጣል። ደጋግሞ የተከራየ መጽሐፍ ሽፋኑ በካርቶን ይተካል፣ ጀርባው በመርፌና በክር ይሰፋል፣ መጨረሻው ገጽ ተቀዶ ከሆነ ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ አከራዩ ራሱ በቃል ይነግራል። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ሳይቀር ተከራይቶ የሚነበብበት ጊዜ ነበር። የአማርኛ ልብ ወለድን በየክፍለ ሀገሩ ያዳረሱት ከአሳታሚዎቹ እኩል እነዚህ የጎዳና ነጋዴዎች ናቸውና ስማቸው ሊነሣ ይገባል።

አሁን ተከራዩ ወደ ስልኩ ሄዷል። በቴሌግራም የሚተላለፈው ግማሹ በፎቶ የተገለበጠ መጽሐፍ ነው፤ ግማሹ ትረካ ነው፣ የወጋየሁ ድምፅ ጭምር። ደራስያን ያለ ፈቃድ የሚደረገው ቅጂ ገቢያቸውን እንደሚያሳጣቸው አቤት ይላሉ፤ አቤቱታቸውም እውነት ነው። ብራናውን የተካፈሉ ልጆች ጸሐፊውን አልጎዱትም፣ ዋጋውን አንድ ጊዜ ተቀብሏልና። ዛሬ ግን መጽሐፉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ቅጂው በነጻ ይናኛል። አንዳንዶቹ ደራስያን ይህን አይተው መጽሐፋቸውን ለተራኪ ሰጥተው በድምፅ መሸጥ ጀምረዋል።