«ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል»

በትምህርት ግቢ የኖረ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል፦ «ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል እኮ!» ቃሏ ከወጣች በኋላ ክርክር የለም። ወረቀቱ ደርሶሃል ማለት ነው። አላየሁም ብትል ጥፋቱ የዓይንህ ነው።

ባለፈው ክረምት አረካ ተሰባስበን ስንጫወት፣ ከመካከላችን አንዱ ዓመቱ እንዴት እንደተቃጠለበት አጫወተን። በውጤት ምክንያት ከአንድ ኮሌጅ ተሰናብቶ፣ እንደገና ለመግባት አመልክቶ አገሩ ገባ። ተፈቀደለት። ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ የመመዝገቢያው ቀን አለፈ፤ እሱ ግን ከአረካ ወጣ ካለች ቀበሌ አባቱን በእርሻ ያግዝ ነበር። ሲመለስ የጠበቀችው ያችው ቃል ናት። እኛም «ለመሆኑ ይህ ልማድ ከየት መጣ?» ብለን ፊታችንን ወደ ታሪክ መለስን።

ጥንት የመንግሥት ቃል በነጋሪት ይነገር ነበር። ነጋሪቱ የሚጎሰመው ገበያ ላይ፣ ሕዝብ በሚበዛበት ነው። ዐዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። ልብ እንበል፤ በዚህ አነጋገር ያልሰማ ሰው መኖሩ ታውቋል፤ ለእሱ የማድረሱም አደራ ለሰሚው ተሰጥቷል። በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም ስሙን ከዚሁ ወስዶ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ስሙ ተወረሰ፤ አደራው ግን ቀረ። ከታተመ ወዲያ «አልሰማሁም» ማለት አያድንም።

በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ሰሌዳ ይበቃ ነበር። ተማሪው ጥቂት ነው፤ ከግቢው አይርቅም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ግን 60,000 ያህል ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተሰማራ። ሰሌዳው ግቢ ቀረ፣ ተማሪው ሄደ!

ታዲያ ፖስታስ? የአገራችን ፖስታ ከጥንት ጀምሮ ያደገው በሣጥን ቁጥር ነው፤ በየቤቱ እየዞረ የማደል ልማድ አልሰፋም። የገበሬ ልጅ የራሱ ሣጥን ከየት ያመጣል? የትምህርት ቤቱን ወይም የአንድ ነጋዴን ቁጥር ይሰጣል። ደብዳቤው ከዚያ ወዲያ በገበያተኛ እጅ ነው መንደር የሚገባው። ደረሰም አልደረሰም፣ ላኪው «ልኬአለሁ» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል።

በዚህ ነገር ከኛ ግቢ ይልቅ ፍርድ ቤት ይሻላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጥሪያ የሚደርስበትን መሰላል ሠርቷል። መጀመሪያ ለባለጉዳዩ በእጁ፤ እሱ ከታጣ ለአካለ መጠን ለደረሰ ቤተሰቡ፤ ይህም ካልሆነ በቤቱ በር ላይ መለጠፍ፤ በመጨረሻ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በጋዜጣ ወይም በሌላ መንገድ። ለሕጉ መለጠፍ ከመጨረሻዎቹ ደረጃዎች አንዱ ነው፤ ለኛ ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሆኗል። ከዚህም በላይ፣ በሌለበት የተፈረደበት ሰው መጥሪያው በደንቡ እንዳልደረሰው ካስረዳ፣ ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። የተዘጋው በር እንደገና ይንኳኳል ማለት ነው።

እርግጥ ሬጅስትራሩም ችግር አለበት። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ይዞ አንዱን ፍለጋ ዓመቱን ሙሉ አይዞርም። ግን የማይገኝ ተማሪ ሁሉ ቸልተኛ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጠው ነበር። እዚያ የነበረን ልጅ «ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል» ብንለው ምን ይፈይድለታል? ሰሌዳው ከግድግዳ ወደ ስልክ ቢዛወርም ነገሩ ያው ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመለጠፍ በፊት ተማሪው በሰጠው ስልክና አድራሻ ይፈለግ፤ መፈለጉም በፋይሉ ይጻፍ። ቀኑ ያለፈበት ልጅ እንዳልደረሰው ካስረዳ፣ ካወቀበት ቀን የሚቆጠር 1 ወር ይሰጠው። ሕጉ ለባለዕዳ የፈቀደው ለተማሪ ለምን ይከለከላል?

እስከዚያው የነጋሪቱን አደራ እኛው እንውሰድ። ሰሌዳው ላይ የአገርህን ልጅ ስም ያየህ እንደሆነ ዝም ብለህ አትለፍ። ደውልለት፤ ስልኩ እምቢ ካለ በሶዶ መንገደኛ ላክበት። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!